ቀይ ክር የታሰረባቸው ጫጩቶች

አማቴ በጎረቤት ሴቶች ፊት፣ «የዚህች ልጅ እጅ በረከት የለውም፤ የነካችው አይረባላትም» አሉኝ። ሐሰት ነበር። እሳቸው አርፈዋል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ቢሆንም ሐሰት መሆኑ ተጽፎ ይቀመጥ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ቀራንዮ ገና እርሻና ባሕር ዛፍ ሳለ። ሙሽራ ሆኜ አማቴ ግቢ መግባቴ ነበር። ያኔ «አይረባላትም» የተባለች ሙሽራ ጣጣዋ በዶሮ አያበቃም። ዘር ንኪ፣ ጥጃ ያዢ የሚላት አይኖርም፤ እስክትወልድም ሆዷን እያዩ ይንሾካሾኩባታል።

ባለቤቴ ከዶሮ ማርቢያ ነጫጭ የፈረንጅ ጫጩቶች አመጣልኝ። እናት ስለሌላቸው ላባ እስኪያወጡ ቤት ውስጥ አሳደግኋቸው። ጎረቤቶቻችንም ያንኑ ዓይነት ገዝተው ነበር፤ በመካከላችን ደግሞ አጥር የለም። አማቴ የእኛ ከሰው እንዳይቀላቀል ብለው በየእግራቸው ቀይ ክር አሰሩና ከአሮጌዎቹ ዶሮዎች መሀል ለቀቋቸው። እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር።

ዶሮ ቀይ ነገር ስታይ ደም ይመስላታል። ስመለስ ዶሮዎቹ ጫጩቶቹን ጥግ አስይዘው እግራቸውን ይነቁራሉ። እውነተኛው ደም ሲመጣ ደግሞ ባሰባቸው። ግማሾቹ ሞቱ።

ያን ቃል የተናገሩት ይኼኔ ነው።

«ክሩን ያሰሩት እርስዎ ነዎት እኮ» አልኳቸው።

«ክር ዶሮ ገድሎ ያውቃል?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

የተረፉትን ክራቸውን ቆርጬ፣ ቁስላቸው ሲደርቅ ዶሮዎቹ ጥሬ በሚለቅሙበት ቦታ የቀርከሃ ቅርጫት ደፋሁባቸው። ይተያያሉ፣ አይነካኩም።

«ወኅኒ ቤት ከፈተችልን» አሉ አማቴ።

«ዋስ ካስፈለገ እኔ አለሁ» አለች አንዷ ጎረቤት።

ዶሮዎቹ መጀመሪያ ቅርጫቱን እየዞሩ ነቆሩት። እየቆየ ሰለቻቸውና አጠገቡ አፈር ላይ ይንከባለሉ ጀመር። ያኔ የቅርጫቱን አንድ ጎን በድንጋይ አነሳሁት፤ ጫጩት ያሾልካል፣ ዶሮ አያስገባም። ሲባረሩ ይገባሉ፣ ሲረጋጋ ይወጣሉ። መሮጡን ሲተዉ፣ አንድ ቀን ሲመሽ ከዶሮዎቹ ጎን ቆጥ ላይ አሰፈርኳቸው። በማግስቱ አብረው ወረዱ። ገብስማዋ ዶሮ አንዷን ጫጩት ጠቅ አድርጋ ወደ ጥሬዋ ተመለሰች። ይኼስ ይሁን፤ አዲስ ገቢ ቦታውን ይወቅ። መግደል ግን ሌላ ነው።

አድገው እንቁላል ጣሉ። አማቴ በደስታ ይበላሉ።

«እማማ፣ ስሜን ያጠፉት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይመልሱልኝ» እላቸዋለሁ።

«እንቁላሉን አቅርቢ፣ ይቀዘቅዛል» ይሉኛል።

በማግስቱም አቀርባለሁ፤ እንቁላሉንም ጥያቄውንም።

«ተይ እንጂ፣ እናቴ እኮ ናት» አለኝ ባለቤቴ።

«እናትህ ናቸው። ስሙ ግን የእኔ ነው።»

አንድ እሑድ እነዚያው ሴቶች ከመድኃኔ ዓለም ሲመለሱ ቤታችን ጎራ አሉ። ዋስ እሆናለሁ ያለችው ጎረቤት ጫጩቶቿ እየተነቆሩ አስቸግረዋት ኖሮ፣ «የእናንተዎቹ እንዴት ተላመዱ?» ብላ አማቴን ጠየቀቻቸው።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እኔን አዩኝ፣ ደጁን አዩ።

«እሷን ጠይቋት» አሉ። «እኔ ቀይ ክር አስሬ አስፈጀኋቸው፣ የቀሩትን እሷ አተረፈቻቸው። እጇስ በረከት አለው፤ እኛ ዕረፍት ያጣነው ከምላሷ ነው።»