እናቴ ከጌታ ጋር ስታወራ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአሶሳ ስትመለስ የደረቀ ባሚያ በፌስታል ቋጥራ አመጣችልኝ። እንዴት እንደሚሠራ እያስረዳችኝ ነበር፤ እኔ ግን ቋጠሮውን ፈትቼ አፍንጫዬን ከትቼበት ስለነበር አልሰማኋትም። ፀሐይ የጠገበ ቅጠል፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ጭድ ይሸታል። አዳማ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ የሁለት ልጆች እናት መሆኔን ረስቼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት ጊዜ ነው፤ አሶሳ ውስጥ መጀመሪያ የቢሮው ሰሌዳ ተሰቅሎ ጠረጴዛው በኋላ የሚፈለግበት፣ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ሻንጣውን ተሸክሞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀቱን የሚያማርርበት ዘመን። እኛም ከደብረ ማርቆስ ጋቢያችንን ይዘን መጣን፤ ጋቢው አራት ዓመት ሙሉ ከሣጥን ሳይወጣ ኖረ። አባቴ የተመደበው ከተማው ውስጥ ሳይሆን፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች በሚኖሩበት አንድ አምባ ነበር። ከዚያ እስከ ከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ሲሆን፣ በመሃል አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን፣ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ የምንሻገረው ነበር።

ቤታችን የቀርከሃ ግድግዳ ነበረው። ጭቃው በደረቀ ቁጥር ስለሚሰነጠቅ ጠዋት ጠዋት ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ እየገባ የእናቴን ቀሚስ ያዥጎረጉረዋል። እናቴም በዚያ ብርሃን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ከጌታ ጋር ታወራለች። እሑድ እሑድ ሃያ ሰው በማንሞላበት ጸሎት ቤት ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር፤ የእሷ ዋናው ጸሎት ግን የሥራ ቀን ጸሎቷ ነው። ምስር ስትለቅም፣ “አባቴ፣ የዛሬው ደግሞ ከምስሩ ጠጠሩ በዛ” ትላለች። ልብስ ስታሰጣ ቀና ብላ ደመናውን ታይና፣ “እስኪደርቅልኝ ብቻ” ብላ ትለምነዋለች። ዶሮዋ እህል ላይ ስትወጣባት በስድብ ታባርርና፣ ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ስድቡ ይቅርታ ትጠይቀዋለች።

እኔ አፍር ነበር። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ፣ “የመምህሩ ሚስት ለብቻዋ ታወራለች” ብላ ለሁሉም አዳርሳብኝ፣ ሳምንት ሙሉ የሚያጫውተኝ አጣሁ። ከእፍረቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ቅናቱ ነበር። እናቴ አንድ ነገር ትልና ዝም ትላለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አንዳንዴም ፈገግ ትላለች። እሱ እንደሚመልስላት እርግጠኛ ነበርኩ። ድምፁን ለመስማት ከጓሮ ዞሬ ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ ለጥፌ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ! ቢበዛ የሰማሁት የምስጥ ኩርሽምሽም ነው። ለእኔ ሊናገር ያልፈለገው ዶሮ በድንጋይ ስለምመታ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ።

ሃሊማን ያወቅናት በዚያው ግድግዳ በኩል ነው። ከአምባው ባሻገር ካለው የበርታዎች መንደር ወደ ከተማ ገበያ ስትሄድ፣ ትከሻዋ ላይ ረጅም ዱላ አጋድማ በሁለቱም ጫፍ ቅርጫት ታንጠለጥላለች፤ ባሚያ በአንዱ፣ ለሻይ የሚፈላው ቀይ አበባ፣ ከርከዴ፣ በሌላው። ረጅም ሴት ነበረች፤ ስትራመድ ቅርጫቶቹ ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን ውሃ ልትጠይቅ በራችን ላይ ቆማ የእናቴን ወሬ ሰማችና ከውጭ ሆና፣ “እንግዳ አለ? እኔ ቆይቶ ይመጣል” አለች።

“ኧረ ግቢ፣ እንግዳ የለም። እየጸለይኩ ነው” አለቻት እናቴ፣ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ።

ሃሊማ ሊጡንም እናቴንም አየች። “በሥራ መሃል?”

“በሥራ መሃል።”

“ረበና ከሪም” አለች፤ ጌታችን ቸር ነው ማለቷ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመጣች ቁጥር እናቴ የጀመረችውን እስክትጨርስ በሩ ላይ ትጠብቃለች፤ ሰው ሰው ሲያናግር ጣልቃ እንደማይገባ ጨዋ። እናቴን “ኡም ሩት” ትላታለች፣ የሩት እናት፣ በእኔ ስም፤ በአማርኛ ስታወራት ደግሞ “አንተ” ነበር የምትላት። “አንተ ዛሬ ደክሟል፣ ቁጭ በል” ስትላት እናቴ መጀመሪያ ታርማት ነበር፤ በኋላ ግን ተወችው፤ ቁጭ ትላለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ አባቴ ለትምህርት ቤት ሥራ ለአንድ ሳምንት ወደ ጠረፏ ከተማ ኩርሙክ ተላከ። ሄደ፤ ዝናቡም ተከትሎት ወረደ። መንገዱ ተቆረጠ ተባለ፤ ሳምንቱ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ፤ ወሬው ጠፋ። እናቴ ምስር እየለቀመች፣ “አባቴ፣ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ” ትል ነበር፤ ድምጿ እንደወትሮው ነው፤ ጠጠሩ ግን ወጣችን ውስጥ መገኘት ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት የሦስት ዓመቱን ወንድሜን ያዕቆብን ወባ ያዘው። ሁለት ቀን አተኮሰው፤ በሦስተኛው ጠዋት ዓይኑ ተገልብጦ ተንቀጠቀጠ። እናቴ በነጠላ ጀርባዋ ላይ አስራው ወጣች፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳት። ወንዙ ጋ ስንደርስ የምንዘልባቸው ድንጋዮች የሉም። ቀይ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል፤ የሚያወጣው ድምፅ ከደረት ውስጥ ይሰማል። እናቴ ዳሩ ላይ ቆመች፤ ዝም አለች። እንዲህ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም ነበር፤ ከውሃው ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

“እማዬ፣ ንገሪው እንጂ!” ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ።

“ነገርኩት” አለች።

“ምን አለሽ?”

ያዕቆብን ጀርባዋ ላይ ቀና አድርጋ ነጠላውን አጠበቀች።

ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ከኋላችን ሃሊማ ዱላዋን በትከሻዋ አጋድማ ለገበያ መጣች። ወንዙን አየች፣ ያዕቆብን ዳሰሰች፤ ቅርጫቶቿን ጭቃው ላይ አወረደች። “ላይ በኩል ውሃ ሰፊ ነው። ሰፊ ሲሆን ጉልበት የለውም” አለችና ያዕቆብን ተቀብላ በራሷ ጀርባ አሰረችው፤ ከእናቴ ትረዝማለችና። በወንዙ ዳር ሽቅብ ሄደን ውሃው የተንጣለለበት ቦታ ደረስን። ሃሊማ በዱላው ጥልቀቱን እየለካች ፊት ገባች፤ እናቴ በአንድ እጇ የሃሊማን ልብስ፣ በሌላው የእጄን አንጓ ይዛ ተከተለቻት። ለእናቴ ወገቧ ድረስ፣ ለእኔ ደረቴ ድረስ ነበር። መሃል ላይ እግሬ ከመሬቱ ለቀቀ፤ አንጓዬ እስኪቆረጥ ሲያመኝ ይሰማኛል፤ ያኔ እናቴ ማውራት ጀመረች። አልጮኸችም። ምስር እንደምትለቅም ሁሉ፣ “አባቴ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል። አባቴ፣ ልጅቷ ቀላል ናት” አለች። ከፊት ሃሊማ በራሷ ቋንቋ ለራሷ ጌታ ታጉተመትማለች። ሁለቱን ድምፆች በአንድ ጊዜ እየሰማሁ ተሻገርኩ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ለያዕቆብ ግሉኮስ ተንጠለጠለለት። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ በረድ ብሎ ውሃ ሲጠይቅ፣ እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጊዜ ጠብቄ፣ “ወንዙ ዳር ምን አለሽ?” አልኳት።

“ምንም።”

“ሌላ ጊዜስ ምን ይልሻል?”

ትክ ብላ አየችኝ። “ልጄ፣ እኔ ድምፁን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።”

“ታዲያ ለምን ትስቂያለሽ?”

“ደስ ሲለኝ ነዋ። ሰው ቤቱ ካለ ሰው ጋር ዝም ብሎ ይኖራል?” አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ዛሬ ግን መኖሩም አልተሰማኝም። ወንዙ ዳር ቆሜ ሁሉም ባዶ ሆነብኝ። ባዶ እንደሆነብኝ፣ አለ ብዬ ገባሁ” አለችኝ።

ተቀየምኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ጆሮዬ በከንቱ መሰለኝ። የነገረችኝ ነገር ከሚመልስ ድምፅ እንደሚበልጥ የገባኝ፣ ራሴ ባዶ ዳር ላይ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው።

አባቴ ከአራት ቀን በኋላ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሩ፣ ጢሙን አጎፍሮ ገባ። ጸሎት ቤት እናቴ ስትመሰክር ሽማግሌው፣ “ሃሊማን የላካት ጌታ ነው” አሉ። ይህ ለሃሊማ ሲነገራት ሳቀች፤ “እኔን ማንም አልላከኝም፤ እኔ ገበያ ነው የሄድኩት” አለች። እናቴ ከእሷ ብሳ ሳቀች። በዝናብ ስለተበላሸው ባሚያዋ ሃሊማ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

በአራተኛው ዓመት አባቴ ተዛወረ። ሃሊማ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችን፤ “ኡም ሩት፣ አንተ ደህና ሁን” አለቻት። ያኔ ስልክ የለ፣ ደብዳቤም አታነብ። በኋላ በዚያ አገር ክፉ ቀን ሲመጣ ስንቱ ከመንደሩ ተነሣ፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ያዕቆብ ከሁላችንም ረዝሟል፤ ወንዙን ግን አያስታውሰውም፤ ስነግረው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለዋል።

እኔም አማኝ ነኝ። የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ያናውጣል። ቤቴም የብሎኬት ነው፤ ግድግዳው ስንጥቅ የለውም። ጠዋት ተነሥቼ የመኝታ ቤቴን በር ዘግቼ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በልቤ እጸልያለሁ፤ ከዚያ በሩን ከፍቼ ወደ ሥራዬ እገባለሁ፤ እሱን እዚያው ትቼው የወጣሁ ያህል። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ስትጸልይ ሰምታ አታውቅም።