ባሌ የፈረመልኝ ድምፅ

ባሌ ማይክሮፎን ሲይዝ ማየት አልወድም። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚባለው እሱ ነው።

ቶሮንቶ የመጣነው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ዜግነት አግኝተን ዓመታት ከኖርን በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደዚህ ሲያዛውረው፣ ሻንጣችንን ይዘን ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር አንዱ ፎቅ ላይ ወጣን። የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ጌታው የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውን ሐበሻ ሁሉ ካላስመዘገብኩ አለ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይጮኻል፦ «ውጭ ስለምትኖሩ ድምፅ የላችሁም ያላችሁ ማነው? ፎርሙን ሙሉ፤ ባሎቱ፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ፣ በፖስታ እስከ ቤታችሁ ይመጣል። ድምፅ የሰው ክብር ነው!» ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል። አንዲት አዛውንት እናት ባላቸው በጣት ባሳዩአቸው ቦታ ፈርመው፣ «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» አሉት። እኔ ሻይ አድላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ነክቶኝ ነበር። በሕይወቴ አንድም ጊዜ መርጬ አላውቅም፤ አሜሪካ ሳለሁ የምርጫ ቀን ሁልጊዜ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። አንድ እሑድ ትሪውን አስቀምጬ ወረፋ ያዝኩና ፎርሙን በእጄ ሞላሁ፤ በአማርኛ ፊደል ፈረምኩ። «ጎበዝ!» አለኝ በሰው ፊት፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። ደሜ ፈላ፤ ግን ትሪዬን አንስቼ ሻይ ማደሌን ቀጠልኩ።

ማንን እንደምመርጥ ቆርጬ ነበር። የእሱ ሰው ሌላ ነው፤ ምሳ ላይ ተጨቃጭቀንበታል። «አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ከዚያ ሳምንታት አለፉ፤ ባሎቴ የለም። ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የፒዛ ማስታወቂያ ብቻ። «ፖስታ ነው፣ ይዘገያል» ይለኛል ዓይኔን ሳያይ።

በመጨረሻ ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። «የላኩልን ባሎት ላይ ያለው ፊርማ መዝገባችን ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ እርስዎ ከሆኑ የፈረሙት እዚህ ላይ ያረጋግጡ፣ ካልሆኑ ይደውሉልን» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። እኔ የላክሁት ነገር የለም።

የቤታችን ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ነው፤ የኪራይ ውሉም፣ ታክሱም፣ ኢንሹራንሱም። እድር ላይ እንኳ ለቀረ ሰው ፈርሞለት ይወጣል፤ ውለታ ይመስለዋል። የእኔንም ስም ለዓመታት ሲፈርም እሰይ፣ ገላገለኝ ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው። ደብዳቤውን ፊቱ ዘረጋሁት።

«እና ምን አለበት?» አለ። «ቢዚ ነበርሽ፤ ሞልቼ ላክሁልሽ።»

«ለማን ሞላኸው?»

«ታዲያ አንድ ቤት ተቀምጠን አንቺ የእኔን ድምፅ ልትሰርዢ ነው? በይ አሁን ሳይን አድርጊና ልላከው፤ ቀኑ ሊያልፍ ነው።»

እስክሪብቶውንም ራሱ አቀበለኝ። እዚያው ላይ ጠላሁት። ሌባ እንኳ በር መስበር አለበት፤ ይሄ ቁልፍ አለው።

በማግስቱ በሥራ እረፍቴ ደወልኩ። እኔ አልፈረምኩም አልኩ። ማን እንደፈረመ ጠየቁኝ። መልሱ እሱን ችግር ውስጥ ሊከተው እንደሚችል አስቤበታለሁ። አስቤበትም «ባለቤቴ ነው» አልኳቸው። ያንን ሰርዘው አዲስ ባሎት በኢሜል ላኩልኝ። ሥራ ቦታ አትሜ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞላሁት፤ በፊደሌ ፈረምኩና ራሴ ላክሁት።

ቤት ገብቼ ነገርኩት።

«ባልሽን አሳልፈሽ ሰጠሽ?» አለኝ።

«ፈርመህልኝ የለ? ምስጋናዬ ነው» አልኩት።

እሑድ ምንም እንዳልሆነ ሰው ማይክሮፎኑን ያዘ። ባሎት የደረሳችሁ ቶሎ ላኩ፣ አንድ ድምፅ እንኳ እንዳይባክን አለ። «ጥያቄ ያለው?»

ትሪውን አስቀምጬ እጄን አወጣሁ። «ባል የሚስቱን ባሎት ደብቆ፣ የፈለገውን ሞልቶ፣ ፈርሞ ቢልክ ምን ይሆናል?»

ባሌ ማይክሮፎኑን ከአፉ አራቀ። ወንዶቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር፤ አንድ ሁለት ሳይሆኑ ብዙዎቹ። እኔ የጠበቅኩት እሱ ብቻ እንዲያፍር ነበር።

እኚያ ባላቸው ባሳዩአቸው ቦታ የፈረሙት አዛውንት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ የእኔም ለብቻው ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። በስምዎ ነው የሚመጣው።»

ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንቱ» አሏቸው፣ «ወረቀቴ የት ነው?»