ፊደል ያልቆጠረው ሰነድ ፈጪ

የባንኩ መዝገብ ቤት ኃላፊ ሴርዋ ከሰነድ ፈጪው ሰውዬ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ለዚህ ሥራ የሚላከው፣ የደንበኛ ምስጢር እንዳይወጣ ተብሎ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። ይሄኛው አሮጌውን ሰነድ እያቀፈ ለማሽኑ ያጎርሳል፤ ወደ ወረቀቱ ቁልቁል አያይም። የደረት ኪሱ አፍ ግን እስክሪብቶ ሲሰካበት የኖረ ይመስል ሳስቷል።

«እውነት ማንበብ አትችልም?»

«እትዬ ሙች! ለእኔ ሁሉም የጉንዳን ሰልፍ ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቆሞ ኬንኬውን፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅሉን፣ በጥብስ ዓሣ ሲገምጥ አንድ ሚኒባስ አለፈ። ጀርባው ላይ «አማቴ፣ የሚቀጥለውን ይያዙ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰውዬው ትን እስኪለው ሳቀ።

«ምን አሳቀህ?» አለችው ሴርዋ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል አየ።