በቢስክሌት ወደ ሱሉልታ፣ በንፋስ ቀን

ዓርብ ጠዋት፣ ከአራዳ

በጥር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ቢስክሌቴን ከአባቴ ግቢ አውጥቼ ወደ ሱሉልታ ተነሳሁ። የጉዞዬ ዓላማ ብቻዬን ሜዳ ላይ፣ በገዛ እጄ በሰፋሁት ድንኳን አድሬ መመለስ ነበር። እኔ እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልጄ፣ አራዳ ገበያ ዳር በልብስ ስፌት የማድር ሰው ነኝ። ቢስክሌቱን የገዛሁት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአራዳ ልጆች ዕረፍት ነሱኝ። «ከጊዮርጊስ እስከ ፖስታ ቤት የሚዘምት ጀግና መጣ! መንገድ ልቀቁ!» ይሉኛል።

ከሁሉም የባሱት አባቴ ነበሩ። ቢስክሌቱን «የሰይጣን ፈረስ» እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው፣ «ሳይቸግርህ ጤፍ ብድር!» አሉና ፈረዱብኝ። «ስማ። በራሱ እግር ከተመለሰ ያንተ ይሁን፣ ሁለተኛ ቃል አይወጣኝም። አህያ ላይ ተጭኖ ከመጣ ግን ይሸጣል። ነገ ገዢ ይዤ ጊዮርጊስ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።»

በእሳቸው ቤት እየኖርኩ ቃላቸውን ማጠፍ አይታሰብም። እሺ አልኩ። ገበያ ዳር የአንድ መሐለቅ ዳቦ ገዛሁ፣ በሶና ቆሎ ከቤት ይዣለሁ፣ የአቡጀዲ ድንኳኔን ጠቅልዬ ከኋላ አሰርኩ። እስከ እንጦጦ ያለው ዳገት አብዛኛው የሚገፋ ነው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ አንዷ ቆም ብላ አየችኝና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ነህ እሱን የምትጭነው ወይስ እሱ አንተን?» አለችኝ። እኔም እያለከለክሁ መግፋቴን ቀጠልኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሱሉልታ

ጋራውን አልፌ ሜዳው ላይ ስደርስ ንፋሱ ከጀርባዬ ተነሳ። ኧረ ምን ልበላችሁ! ፔዳሉን ሳልረግጠው ይሄዳል። የታጨደው ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ገለባው ከአውድማ እየተነሳ አብሮኝ ይሮጣል፣ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ዱላቸውን ጥለው ይስቃሉ። ያን ሁሉ ፍጥነት የጉልበቴ መስሎኝ ዘፈንኩ።

ወደ ማታ ንፋሱ ስለባሰ ከለላ ፈለግሁ። ከመንገዱ ዳር አንድ ቤት፣ ጥሩ የድንጋይ ካብ ያለው፣ አገኘሁ። ባለቤቱ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሸበቶ ገበሬ ናቸው። ቅቤ ሊሸጡ አራዳ ስለሚመላለሱ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል።

«ቤት እያለ ሜዳ ላይ? ምን በደልንህ?» አሉኝ።

«አይ ኦቦ፣ ድንኳኔን ልሞክረው ብዬ ነው። ካቡ ጥግ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«እንግዲህ የከተማ ሰው!» ብለው ወደ ጓሮ ከብት ሊያስገቡ ሄዱ። እኔም ነጩን ድንኳኔን በራቸው አጠገብ ተከልኩ። ንፋሱ እንዳይወስደው ውስጥ ገብቼ ምሰሶውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

ወዲያው ከመንገድ በኩል ጩኸት ሰማሁ። «ኡኡ! ወንድሜን! ወየው ወንድሜ!» ብቅ ስል አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን እየመታች ትሮጣለች፣ ከኋላዋ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ተከትለዋታል። የሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሞ «ምን ሆናችሁ?» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። እኔም ምሰሶዬን እንደያዝኩ «ወየው! ወየው!» ማለት ጀመርኩ።

ጩኸቱን ሰምተው ኦቦ ቱሉ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። እሳቸውም አልጠየቁም። እህታቸው አጠገብ ቆመው ግንባራቸውን ይዘው፣ «ወየው! ወየው ጉዴ!» እያሉ ያነቡ ጀመር። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ደረቷን መምታት አቆመች።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ኦቦ ቱሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«አንተ ነህ!» አለች እህታቸው።

ጉድ ፈላ! በሰው በር ላይ ነጭ ድንኳን የሚተከለው ለለቅሶ ወይ ለሰርግ ነው፤ ኦቦ ቱሉ ደግሞ የሚድር ልጅ የላቸውም። እኔ የስፌቱን ቀጥ ማለት ብቻ ሳይ ይህ ትዝ አላለኝም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ሴትዮዋን ሳቅ አፈናት። «እያለቀስኩ እንኳ፣ ‹ይህን የመሰለ ድንኳን ለእሱ ማን ተከለለት?› ብዬ ገርሞኝ ነበር!» አለች። እሳቸውም፣ «እንዴት አድርገሽ እንደምታለቅሺልኝ አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» አሉ። የመጣው ሰው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ተጨናንቆ ጠላ ጠጣ፣ ለራት ተቀቅሎ የነበረውንም ንፍሮ በላ። ንፍሮ የለቅሶ ምግብ ነውና በየጉርሻው ይሳቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ እንጦጦ

ጠዋት ቢስክሌቴን ወደ አራዳ ሳዞር ያ ደጉ ንፋስ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ትናንት የገፋኝ ዛሬ ይገፈትረኛል። አፈሩ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ጋቢዬ ይጎትተኛል፣ ቁልቁለት ላይ እንኳ ካልረገጥኩ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የእንጦጦ ዳገት ሥር ስደርስ ደክሞኝ ቢስክሌቱን አጋደምኩ። ቁጭ አልኩ።

ኦቦ ቱሉና እህታቸው ቅቤ የጫነች አህያቸውን እየነዱ ደረሱብኝ። የአባቴን ነገር ማታ ነግሬያቸዋለሁ። ኦቦ ቱሉ አዘኑልኝ። «እስከ ጋራው አናት እንጫነው። እዚያ ታወርደዋለህ፣ ቁልቁል ትጋልበዋለህ። አባትህ በምን ያውቃሉ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቢስክሌቱን አየሁት። ተጭኖ ከሄደ አባቴ ባያውቁም የእሳቸው ነው የሚሆነው፣ የእኔ አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦቦ። እንደምንም እገፋዋለሁ» አልኩ።

እህታቸው ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «ተወው። ትናንት ላንተ አልቅሻለሁ፣ ዛሬ ለብረት አላለቅስም» አለችና ሄዱ።

ጋቢዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ እንደ በሬ አንገቴን ደፍቼ ገፋሁ። ጋራው ላይ ንፋሱ ከነቢስክሌቴ አንስቶ ጣለኝ። ጉልበቴ ደማ፣ መሪው ተጣመመ። የፊቱን ጎማ በእግሮቼ መሃል ይዤ መሪውን በጉልበት አቃናሁት። ባሕር ዛፉ እስከ መሬት እየጎነበሰ ይጮሃል። እኔም «አልተውህም! አትጫንም!» እያልኩ ጮህኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር አብዷል ባለ ነበር።

አናቱ ላይ ወጥቼ አዲስ አበባን ከሥሬ ሳያት ልቤ ዘለለ። ፔዳሉ ላይ ወጣሁ፣ ኦቦ ቱሉን ከነአህያቸው አለፍኳቸው፣ በጉለሌ በኩል አራዳ ገባሁ። የቅዳሜ ገበያተኛ ግራና ቀኝ ተሰነጠቀ። ያ ሲያላግጥብኝ የኖረ የአራዳ ልጅ ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» እያለ ከኋላዬ ሮጠ።

አባቴ እንዳሉት ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመዋል። ገዢውም አጠገባቸው አለ። ከቢስክሌቴ ሳልወርድ ፊታቸው ድረስ ነድቼ ቆምኩ። የደማ ጉልበቴን፣ አፈር የለበሰ ፊቴን አዩ። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ተጭኗል?»

«አልተጫነም፣ አባባ።»

ወደ ሰውዬው ዞሩና፣ «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ። የልጄ ነው፣ አይሸጥም» አሉት።

ንፋስ የገፋኝን መንገድ ጎበዝ ሆኜ የሄድኩት መስሎኝ ነበር። የራሴን ጉልበት ያወቅሁት ንፋሱ ፊቱን ሲያዞርብኝ ነው። ይህንን ለአባቴ ልነግራቸው ስል ግን አልሰሙኝም። ድንኳኑን ከኋላ ፈትተው ትከሻዬ ላይ ጣሉትና ኩታቸውን ሰብስበው በቦታው ተቀመጡ። ወገቤን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ «በል ንዳ፣ ወደ ቤት» አሉኝ። አራዳ ሁሉ ቆሞ እያየን ቀስ ብዬ ነዳሁ። እንዳይወድቁብኝ ፈርቼ ነበር። አባቴ ግን ከጀርባዬ ሆነው ጆሮዬ ሥር፣ «እስቲ ትንሽ ፈጠን አድርገው» አሉኝ።