ለአንድ ሸራ ጫማ

መርካቶ ውስጥ ጫማ ስሸጥ አርጅቻለሁ። እሳትም አይቻለሁ፣ ሌባም አይቻለሁ፤ ሁለቱን ግን አምታትቼ አላውቅም። የሚያምታታ ኮሚቴ ያየሁት ገና በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ከሱቄ በላይ ያለው የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን የተቃጠለ ዕለት የእሳት አደጋ ሰዎች ቶሎ ደረሱ። ምን ያደርጋል፣ ቦቴው ባዶውን ነበር የመጣው። ውሃ ሳይሞላ! ሌላ ቦቴ እስኪደርስ ድረስ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ካርቶኖቼን በጀርባው እየተሸከመ አወጣልኝ። እኛ ዘንድ እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ዕቃ ነው፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ እንደገና ይሠራል። መሀል ላይ የቆርቆሮ ስለት ቦት ጫማውን ሸርክቶ እግሩን አደማው። ከተከመረው ካርቶን አንድ ሸራ ጫማ መዝዞ አጠለቀና ተመልሶ ገባ።

ይህንን አንዱ ሥራ ፈት በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። በዚያው ቀን «እሳት ሊያጠፋ መጥቶ ጫማ ሰረቀ» ተብሎ ቲክቶክ ላይ ተለቀቀ።

ሰውየው ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ እኔ ባለንብረቷ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ጫማውን ሲወስድ ጠይቆዎታል?» አለኝ ሰብሳቢው፣ ልጄ የሚሆን ወጣት።

«አልጠየቀኝም። እሳት ውስጥ ማን ማንን ይጠይቃል? ቢፈልግ ደርዘኑን...»

«አልጠየቀም ነው ያሉት?»

«አስጨርሰኝ እንጂ ልጄ!»

«ይበቃናል፣ እናመሰግናለን።»

በእኛ ተራ አንድ ተሸካሚ ዕቃ ቢያጎድል ሽማግሌ ይቀመጣል። ስንት ዘመን አብሮን ሠራ፣ ምን ቸግሮት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ይገሠጻል፣ ይክሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከእንጀራው የምናፈናቅለው መላ ሲጠፋ ብቻ ነው።

እነዚያ የኮሚቴ ሰዎች ግን ቦቴውን ባዶውን ለላከው ኃላፊ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ደሙን እያፈሰሰ የሠራውን «ግዳጅ ላይ ሳለ የሰው ንብረት ወስዷል» ብለው ከነጡረታ ተስፋው አሰናበቱት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ይግባኝ ይበል ብዬ አብሬው ስንት ቢሮ ተመላለስኩ። ነገ ተመለሱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፋይሉ አልወረደም። ጉልበቴ አለቀ፣ ከጉልበቴም በፊት ልቤ። በመጨረሻ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ጫማውን ነው፤ ደም የደረቀበትን ሸራ በፌስታል አድርገው «ንብረትዎ» ብለው መለሱልኝ። ንብረትዎ ይበሉኛል እንዴ! እንደዚያ ቀን ንብረት አስጠልቶኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ደግሞ እሳቱ ከጎረቤቴ ሱቅ ተነሳ። የእሳት አደጋ ልጆች መጡ። «ካርቶኑን አውጡልኝ፣ በሞቴ!» ብዬ ጮህኩ። አንደኛው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ዕቃ አንነካም። ያ ሰውዬ ያገኘው እንዳያገኘን» አለኝ። ዓይኑ ግን ካርቶኖቹ ላይ ነበር። ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም፤ እሱም የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ይኖረዋል። ግማሹ ዕቃዬ በጭስ ተበላሽቶ ቀረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያንን የተባረረውን ሰው ልጠይቀው አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። አሁን እዚያ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከማል፣ በዚያ ዕድሜው።

«ወንድሜ፣ ተቃጠልኩ እኮ» አልኩት።

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ስለ ይግባኙ የሚጠይቀኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ቦቴው ውሃ ይዞ መጣ?» አለኝ።

«ይዞ መጣ።»

«እሰይ!» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «እሰይ፣ እትዬ።» ሻንጣውን ወደ ትከሻው መልሶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። እኔ እዚያው ሰው መሀል ቆሜ አለቀስኩ።