የባህራም የመጨረሻ እሳት

ሸክላ ሠሪው ባህራም ዓይኑ መጥፋቱን ከሚስቱ ከማህባኑ በቀር በካሻን ከተማ ማንም አያውቅም ነበር። ቢታወቅማ ኖሮ የኢማሙ ልጅ ያረፉበትን የመቃብር ቤት ሥራ ነጥቀው ለሌላ ይሰጡበት ነበር። ባህራም ደግሞ ይህን ሥራ ከሚነጠቅ ሞቱን ይመርጣል፤ የእሱና የማህባኑ ልጅ ናርጊስ የተቀበረችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የቀረችውን የዓይን ብርሃን አሟጦ፣ አፍንጫውን ሸክላው ላይ ደፍቶ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ወደ መካ የሚያመለክተውን የመስገጃ ግድግዳ፣ የሚህራቡን፣ ጉብ ጉብ ያለ ጽሑፍ ቀባ። ሲጨርስ በርና ግድግዳ መለየት አቃተው። ከእንግዲህ ሌላ አይሠራም፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው።

የቀረው የብርና የመዳብ ቅቡን በጢስ አፍኖ ወርቅ የሚያስመስለው እሳት ነበር። ካነሰ አያበራም፣ ካለፈ ይጠቁራል። ግትሩ ሰውዬ ሠራተኞቹን ሰበብ ፈልጎ አሰናበተና፣ እቶን አጠገብ ድርሽ እንዳትል ሲከለክላት የኖረውን ማህባኑን ጠራት።

"ደግሞ ዛሬ ምን ተገኘ? ፈለግከኝ?" አለችው።

"አትነዝንዢኝ የናርጊስ እናት። ያንኑ ቅብ ቀብቼ አብሬ ያስገባኋቸው መሞከሪያ ስባሪዎች አሉ፤ በዚህ ቀዳዳ አንድ በአንድ በጉጠት አውጪ። አንዷ ካበራች ንገሪኝ፣ እሳቱን እናቆማለን።"

አወጣች። "ጭቃ ነው።"

ባህራም እንጨት ጨመረ። ሁለተኛዋ ወጣች።

"አሁንስ?"

"ጭቃ ነው አልኩህ እኮ! ቢጫ ጭቃ።"

ላብ አጠመቀው። ቅቡን አበላሽቼው ይሆን? እንጨቱ እርጥብ ይሆን? "ያ አላህ፣ ይቺን ብቻ" እያለ እሳቱን መገበ። አሁንም ጭቃ። ጨንቆት "እስቲ ወዲህ በያት" አለና፣ ስባሪዋ በረድ ስትል ተቀብሎ እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ ፈተግ አደረጋት።

"ምን አደረግካት?" ማህባኑ ጮኸች። "ጭቃው ለቀቀ! ከሥሩ ጥቁር ነው!"

ባህራም ክው አለ። ቅቡ ከእሳት የሚወጣው ጭቃ ለብሶ ነው፤ ካልጠረጉት አይታይም። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እሱ ሳያስበው ጣቱ ይሠራው ነበር።

"የመጀመሪያዋን ጥረጊያት" አላት።

ከአመዱ ላይ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት። ወደ እሳቱ ብርሃን አዙራ አየቻት።

"ተናገሪ እንጂ!"

"ታበራለች" አለችና መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። "ምነው ጥረጊ ብትለኝ? አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?"

እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት የሚህራቡ ሸክላ ሁሉ ከስሎ ወጣ። ባህራም ከፊቱ ተንበርክኮ ጉብ ጉብ ያሉትን ፊደሎች በጣቱ እየዳሰሰ ከዳር እስከ ዳር አነበባቸው።

"አየሽ፣ የናርጊስ እናት" አላት፤ "ጽሑፉ አንዲት ስህተት የለውም።"