«የኪራይ አባት» ያልኳቸው ሰው

መጀመሪያ ቀን ቡሬ ያለው ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ጋሽ ምናለ ተማሪ መስያቸው «ዩኒፎርምህስ?» ብለው አስቆሙኝ። «መምህር ነኝ» አልኳቸው፤ ግማሹ ውሸት ነበር። የማስተማር ልምምድ ላይ ያለሁ ዕጩ መምህር ነበርኩ። ከኮሌጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ አንድ ፓኮ ጠመኔና ጅጋ ካለው ታላቅ ወንድሜ የተዋስኩት ሰፊ ኮት ነበረኝ። ጋሽ ምናለ ደብዳቤውን ገልብጠው አዩና «በል ግባ፣ ኮቱ ይመሰክርልሃል» አሉኝ።

የተመደብኩት የአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በፈተና ተለይተው ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብለዋል። ለኔ መካከለኛው ደረሰኝ። የክፍሉ ባለቤት መምህርት አስናቀች፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሴት፣ «መካከለኛ ማለት ያነበበው የሚገባው፣ ሊናገር ሲል ግን ምላሱ የሚተሳሰር ነው። አትቆጣቸው፤ ዝም ሲሉህ ጠብቃቸው» አሉኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መጻፉን ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንግሊዝኛዬ አርባ ደቂቃ አይሞላም ነበር። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያልቅብኝና የቀረውን ጊዜ ሰሌዳ ስጠርግ እጨርሰዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጥንድ ሥራ መስጠት ተማርኩ፤ እነሱ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እኔ እተነፍሳለሁ። ተማሪዎቹ ደጎች ነበሩ። ስሳሳት ያውቁብኛል፣ አይስቁብኝም።

ሕይወት ደምሌ የምትባል ተማሪ ኋላ ትቀመጥ ነበር። አትናገርም፤ ስትጽፍ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። አንድ ጥፋት ነበረባት፤ ሰኞ ሰኞ ትዘገያለች። የገጠር ልጅ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ እየኖረች፣ ቅዳሜና እሑድ አገሯ ሄዳ የሳምንት ስንቋን ይዛ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሦስት ሰዓት በእግሯ ትመጣለች። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ለምን እንደምትዘገይ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

የኮሌጁ ሱፐርቫይዘር መጀመሪያ ሊገመግመኝ የመጣው ሰኞ ነበር። ትምህርቱ አምሮልኛል፣ ጥንዶቹ ይነጋገራሉ፣ እኔም በኮቴ ውስጥ ሰፋ ብዬ እየተንጎራደድኩ ነው። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ሕይወት እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳ፣ ስንቋን እንዳዘለች ቆማለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መልሼ ልሰበስበው አልቻልኩም። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹ ላይ «የክፍል አያያዝ ደካማ» ብሎ ሲጽፍ በትከሻው በኩል አነበብኩት።

ከክፍል እንደወጣን «ወላጅ ሳታመጪ ክፍሌ እንዳትገቢ» አልኳት።

«ቲቸር፣ አባቴ በርበሬ ለቀማ ላይ ነው። ሩቅ ነው አገራችን።»

«እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው» አልኳት።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። ጅጋ ስማር ወላጅ አምጣ ተብዬ፣ ገበያ ውስጥ ድንች የሚሸጥ ሰውዬ ለምኜ አባቴ ነው ብዬ አቅርቤያለሁ። ሰውየው ኮት ተውሶ መጥቶ ከመምህሬ በላይ ተቆጣኝ። በዚያ ዘመን ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ «የኪራይ አባት» እንለው ነበር። እናም መምህር ስሆን የኪራይ አባት ከሩቁ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ሕይወት አንድ ሰውዬ አስከትላ መምህራን ማረፊያው በር ላይ መጣች። ሰውየው የለበሱት ኮት እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኗል። የተዋሱት መሆኑ ያስታውቃል። በቃ፣ ያዝኳችሁ አልኩ በሆዴ። እኔም የለበስኩት የወንድሜን መሆኑ ትዝ አላለኝም።

«አባቷ ነህ?» አልኳቸው። አንተ ያልኳቸው አባቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው።

«አዎን የኔታ። ደምሌ እባላለሁ።»

የአባት ስም ማንም ያጠናል ብዬ፣ «የልጅህ ስም ማነው?» አልኳቸው።

«አትጠገብ።»

ስም መጥሪያውን ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ ገለጥኩ። አትጠገብ የሚባል ተማሪ የለም። «ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ዘጠኝ… ኧረ የለም፣ አሥር ሳትሆን አትቀርም።»

ተማሪዎች ከበውናል። ሳቅኩ። ሕይወት «ቲቸር አባቴ ነው! አትጠገብ የቤት ስሜ ነው!» አለች፤ ድምፅዋን እንደዚያ ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም። «ዝም በይ» አልኳትና ወደ ሰውየው ዞሬ፣ «ከየትኛው ገበያ ነው ያመጣችህ? በዚህ ዕድሜህ የኪራይ አባት ስትሆን አታፍርም? ውጣ ከዚህ!» አልኩ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

አያ ደምሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እሽ የኔታ» አሉ። «እርስዎ የተጻፈውን ያውቃሉ። እኔ የማውቀው የወለድኳትን ነው።» እጅ ነስተውኝ ሄዱ። ሕይወት እያለቀሰች ተከተለቻቸው።

ጋሽ ምናለ ከበሩ ተነስተው እየሮጡ መጡ። «ምነው መምህር! አያ ደምሌን? ያገሬ ሰው ናቸው እኮ! የልጅቱን ስም የለወጠው አንደኛ ክፍል ስትገባ የመዘገባት መምህር ነው፤ አትጠገብ ያረጀ ስም ነው ብሎ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባቸው ‹ልጄን አልድርም፣ ትማር› ብለው የመለሱ ሰው ናቸው። እንግዲህ አገሩ ምን ይላቸው? ‹ያስተማርክበት ቤት አባትነትህን ካደ› ነው የሚሏቸው።»

የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ሐሙስ ሕይወት አልመጣችም፤ ዓርብም። መምህርት አስናቀች አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩኝ፤ «ሂድ»።

ቅዳሜ ከጋሽ ምናለ ጋር ሄድኩ። የሦስት ሰዓቱን መንገድ ያን ቀን ቀመስኩት፤ እኔ ግን ስንቅ አላዘልኩም። አያ ደምሌ ከበርበሬው ማሳ ወጥተው ተቀበሉን፤ እንግዳ ነውና ምሳ ቀረበልኝ። ተነስቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «ተው የኔታ፣ ይቅር ለግዜር። ልጅ ነዎት፤ ልጅ ያጠፋል።» እያንዳንዱ «የኔታ» ከስድብ በላይ አቃጠለኝ።

ሕይወት ምሰሶ ተደግፋ ቆማ ነበር። «ቲቸር» አለች፣ «አባየን ያዋረዱት እዚህ አይደለም። ሰኞ ሰልፍ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ አባቷ ናቸው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለው ይንገሩልኝ። ያን ጊዜ እማራለሁ። አለዚያ ባለ ኪራይ አባት እየተባልኩ እዚያ ግቢ አልቀመጥም።»

አባቷ መሬት መሬት እያዩ ጨመሩ፤ «ሦስተኛ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ለማክሰኞ ቀጥሬያቸዋለሁ። ተማሪ ናት እንዳልል ትምህርቷን ትታለች። ሰኞ ገብታ ከዋለች መልስ አለኝ።»

«እናገራለሁ» አልኩ። ማልኩላቸው።

ሰኞ ሕይወት ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ ዩኒፎርሟ ታጥቦ፣ ከሰልፉ ጫፍ ቆማለች። ባንዲራ ተሰቀለ። ሱፐርቫይዘሩ ለመጨረሻው ግምገማ መጥቶ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ እንደ ልማዳቸው «መልእክት ያለው መምህር?» ብለው ጠየቁ። አንድ እግሬን አንስቻለሁ። በሱፐርቫይዘሩ ፊት ወላጅ አዋራጅ ነኝ ብል ውጤቴ ምን ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እግሬን መለስኩት። «የለም?» አሉ።

ሰልፉ ወደ ክፍል ገባ። እሷ እዚያው ቆማ እያየችኝ ነበር፤ በቁጣ አይደለም፣ ገና እየጠበቀች ነው። ጠመኔዬን ይዤ ገባሁ። በመስኮት ሳይ ወደ በሩ እየሄደች ነው። ጋሽ ምናለ ከፈቱላት።

በዚያ ቀን ለክፍል አያያዝ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ዘግይቶ የሚያንኳኳ ተማሪ አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሩ ረቡዕ ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ያልኩትን ሁሉ። አንዳንድ ተማሪ አጨበጨበልኝ፤ ጨዋ መምህር መሰልኳቸው። ከሰልፉ በኋላ ጋሽ ምናለን «ለአያ ደምሌ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ደምሌ መልስ ሲያጡ እሽ አሉ። ሠርጉ ለጥር ነው» አሉኝ። ቡሬ እስክለቅ ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልሰጡኝም።

መምህርት አስናቀች ስም መጥሪያውን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከሕይወት ስም ትይዩ የሚጻፍ ነገር ነበር። «በራስህ እጅ ጻፈው» አሉኝ። «አቋርጣለች» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ፍኖተ ሰላም ነው የማስተምረው። ወላጅ ሲመጣ ከወንበሬ እነሳለሁ፤ ልጁን በቤት ስሙም እጠይቃለሁ። ይህ ለሕይወት ያደረገላት ነገር የለም፤ እፍረቴንም አላቀለለልኝም። ዕጩ መምህራን ሲመደቡልኝ ግን ይህን ታሪክ ሳላሳጥር እነግራቸዋለሁ፤ የምጨምርላቸውም ይህን ብቻ ነው፦ ተማሪ ፊት ያጠፋችሁትን ተማሪ ፊት እመኑ። ሱፐርቫይዘሩ ሳይሄድ።